አርባ ብልጭታ በደቂቃ፦ ብሪየንትስ ሐይቅ ላይ ሁለት ጊዜ የቀዘፈ ሰው አስተያየት

ሥራዬ ትራም መንዳት ነው። ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ውስጥ ኪርሸንፌልድ በሚባለው ድልድይ ላይ በቀን ስንት ጊዜ እንደማልፍ ቆጥሬ አላውቅም፤ ከሥሬ አሬ ወንዝ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል። በበጋ ወንዙ በሰው ጭንቅላት ይሞላል። የበርን ሰው ከቢሮ ሲወጣ ልብሱን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ቋጥሮ ይገባበትና ውሃው ይዞት ይሄዳል፤ ዳር ዳሩን ቀይ የብረት መያዣ አለ፣ እርሱን ጨብጦ ይወጣል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስኖር እኔ አንድም ቀን አልገባሁም። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ዋና ጣና ላይ የለመደ ሰው ለምን ይፈራል ብትሉኝ፣ ይህ ውሃ ከበረዶ ሥር የወጣ ውሃ ነው። የጣና ውሃ ያቅፋል፤ ይህኛው ይነክሳል።

ልጄ ሊያ ግን የዚህ አገር ልጅ ናት። ዋና የተማረችው በትምህርት ቤት፣ በፈተና ነው። ዘንድሮ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት "ለልደትሽ ምን ልግዛልሽ?" አልኳት። "አባዬ፣ ከአንተ ጋር ካያክ መቅዘፍ ነው የምፈልገው" አለችኝ። ካያክ በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ ነው። ስልክ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ ሆኖ በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ ወደ ብሪየንትስ ሐይቅ ሄድን፤ በሰኔ ጀልባ ተከራይተን ብቻችንን፣ በነሐሴ ደግሞ ከሌላ ድርጅት ጋር በአስጎብኚ። የሁለቱንም ስም አልጽፍም። ለሁለቱም ያለኝን ቅሬታ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዱን ብጠራ ደግሞ ሐይቁ ዳር ያሉት አከራዮች ጥቂት ስለሆኑ ሌላው በማጣራት ይታወቃል። ስም የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጽሑፍ የሚያገኘው ከመክፈሉ በፊት ጠረጴዛው ላይ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ሐይቁ አጠገብ ያለው ከተማ ኢንተርላከን ስሙ ራሱ በላቲን "በሐይቆች መካከል" ማለት ነው፤ በምዕራብ የቱን ሐይቅ፣ በምሥራቅ የብሪየንትስ ሐይቅ አለ። አሬ ወንዝ ሁለቱንም አልፎ ነው እኔ ድልድይ ሥር የሚደርሰው። ከከተማው ወደ ደቡብ ቀና ያለ ሰው ዩንግፍራው የሚባለውን ተራራ ያያል፣ 4,158 ሜትር። እኛ አበሾች "አልፕስ" ሲባል ሁሉም ነገር ከደመና በላይ ይመስለናል። የብሪየንትስ ሐይቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ 564 ሜትር ላይ ነው ያለው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ተራራ አገር ልሄድ ብዬ ከተወለድኩበት ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል መውረዴ ነው።

ልዩነቱ እዚያ ብቻ አይደለም። ጣና ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ይህ ሐይቅ ሠላሳ አይሞላም። ጥልቀታቸው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን የብሪየንትስ ሐይቅ 260 ሜትር ይደርሳል። ጣና ሰፌድ ነው፣ ይህ ጉድጓድ ነው። ይህንን ያነሣሁት ለእውቀት ብቻ አይደለም። ተራራው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ በደቡቡ ዳርቻ ለረጅም ርቀት ጀልባ የሚያስጠጋ ቦታ የለም። ጣና ላይ የደከመው ሰው ደንገል ውስጥ ገብቶ ያርፋል። እዚህ የሚያርፈው ዐለት ላይ ነው፣ ዐለቱ ከፈቀደለት።

ቀለሙን በተመለከተ ግን የምታዩአቸውን ፎቶግራፎች እመኑ። በኮምፒውተር የተቀባ የሚመስለው ሰማያዊና አረንጓዴ ቅይጥ እውነተኛው ቀለሙ ነው። የበረዶ ግግሩ ተራራውን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል፤ ዱቄቱን አሬና ሉቺነ የሚባሉት ወንዞች ይዘውት ይወርዳሉ፤ ከጤፍ ዱቄት የላመው ብናኝ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀርና ብርሃኑን እንዲያ አድርጎ ይመልሰዋል።

የሰኔው ጉዞ ቅዳሜ ነበር። ባለሁለት መቀመጫ ካያክ ለሁለት ሰዓት ተከራየን፤ በሰዓት 28 ፍራንክ። ጠረጴዛው ጋ የነበረው ወጣት ባለሁለት ገጽ ወረቀት አስፈረመን። ይዘቱ በአጭሩ "ብትሞቱ እኛ የለንበትም" የሚል ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ሰጠን፤ የእኔው ከእኔ በፊት ከለበሰው ሰው ገና እርጥብ ነበር፣ ዚፑም ከደረቴ በላይ አልወጣ አለ። "በስተቀኝ ያለው ዳርቻ ያምራል" አለንና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ትምህርቱ ይኸው ነው።

ቀዘፋ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ የጎረቤታችን ታንኳ ላይ ተቀምጬ ረጅሙን ዘንግ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያልኩ ገፍቻለሁ። ታንኳ ግን ውሃው ላይ የተኛ እሳር ነው፤ ቂጥህ ይረጥባል እንጂ አይገለብጥህም። ካያክ ውስጥ የምትቀመጠው ውሃው ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፤ ስታነጥስ ይሰማዋል። ሊያ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት መቅዘፊያችንን እያጋጨን ክብ ሠራን። ከዚያ ለመድነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። ከፊቴ የልጄ ትከሻ፣ ከሥር ያ ውሃ፣ ሩቅ ሆኖ የሚያልፍ መርከብ፤ ሌላ ድምፅ የለም።

ሰዓት ያህል እንደ ሄድን ሊያ በመቅዘፊያዋ ወደ ማዶው ዳርቻ ጠቁማ "አባዬ፣ ያ የሚያብለጨልጨው መብራት ምንድን ነው?" አለችኝ። ብርቱካናማ መብራት ነው። ብልጭ፣ ብልጭ ይላል። እኔ፣ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መብራት እያነበብኩ እንጀራ የምበላ ሰው፣ "መንገድ እየሠሩ ይሆናል" አልኳት።

ነፋሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምን ያህል ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ሐይቁ መጀመሪያ ቆዳው ተሸበሸበ፣ ከዚያ ነጭ ነጭ ጥርስ አወጣ። ማዕበሉ ከጎን ሲመታን ጀልባዋ ታጋድላለች፤ ውሃ ጭናችን ላይ ተቀመጠ። ሊያ ዝም አለች። ልጄ ዝም የምትለው ስትፈራ ብቻ ነው። ወደ መጣንበት መመለስ ከነፋሱ ጋር ፊት ለፊት መጋጠም ስለነበር፣ ዳር ዳሩን ዐለቱን ይዘን አንዲት የጠጠር ጠርዝ እስክናገኝ ቀዘፍን። ጠርዟ የአንድ ምንጣፍ ስፋት ቢኖራት ነው። ጀልባዋን ጎትተን እዚያ ሃምሳ ደቂቃ ተቀመጥን። እርጥብ ልብስ ለብሰን፣ ተቃቅፈን፣ ከሦስት ወር በፊት እናቴ ከባሕር ዳር የላከችልንን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን። ውሃው ሲረጋ ተመለስን። ወጣቱ ሰዓቱን አይቶ ላዘገየንበት የአንድ ሰዓት ሒሳብ ጨመረብን። ሃያ ስምንት ፍራንክ።

ለባለቤቱ ደውዬ ነገርኩት። "መብራቱ ምን እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል" አለኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እዚህ የተወለደ ሰው ያውቅ ይሆናል። እኔን አይቶ፣ ጀርመንኛዬን ሰምቶ፣ ጀልባ ላይ ስወጣ እግሬ ሲንቀጠቀጥ እያየ ያውቃል ብሎ የገመተው ማን ነው?

መብራቱን የተረዳሁት በነሐሴ ነው፤ ከክፍያዬ ውስጥ ትልቁ ነገርም እርሱ ነበር።

ሁለተኛው ድርጅት በአስጎብኚ የሚወስድ ሲሆን የሦስት ሰዓት ጉዞ ለአንድ ሰው 98 ፍራንክ ነው። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅም ቅናሽ የለውም፤ ይህንን መቃወሜ ይመዝገብልኝ። ጉዞው ኢዘልትቫልድ ከምትባለው መንደር ተነሥቶ የጊስባህ ፏፏቴ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ቦታ ደርሶ የሚመለስ ነበር። አስጎብኚያችን ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ፊታቸው እንደ ዋልያ ቀንድ የተሸበሸበ የአካባቢው ሴት ናቸው። እዚህ አገር በስፖርት ቦታ ሁሉም ሰው "አንተ" እና "አንቺ" ነው፤ እርሳቸውም ገና ከመጨባበጣችን "አንቺ በለኝ" አሉኝ። በጀርመንኛ እሺ አልኩ። በአማርኛ ግን እናቴ ብትሰማኝ ምን ትለኛለች? እዚህ ላይ እርሳቸው እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዐሥር ሰዎች ነበርን፣ አምስት ጀልባ። በዕድሜ የገፉ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት፣ ከኮሪያ የመጡ ሁለት ወጣት ሴቶች፣ አንድ ቤተሰብ፣ እኛና አዲስ የተጋቡ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች። ውሃ ከመንካታችን በፊት ሣሩ ላይ ተደርድረን ተቀመጥንና አየር ቀዘፍን። ክንድ አይደለም የሚቀዝፈው፣ ወገብ ነው፤ እምብርታችሁን አዙሩ አሉን። ከላይ ሆኖ ለሚያየን ሰው የእብዶች ጸሎት እንመስል ነበር። ሙቀት የሚይዝ የጎማ ልብስ ለእያንዳንዱ በልኩ ተሰጠ፤ የሕይወት አድን ጃኬቱን ዚፕ ከዘጋን በኋላ እየዞሩ ትከሻው ላይ ይዘው ሽቅብ ጎተቱን። ጃኬቱ ወደ ጆሮ ከወጣ እንደገና ማሰር ነው። የእኔን ሁለት ጊዜ አሰሩት።

ከዚያ ያልጠበቅነው መጣ። "አሁን ሁላችሁም ሆን ብላችሁ ትገለበጣላችሁ" አሉ። ጥልቀቱ ደረት በሚደርስበት ቦታ፣ ተራ በተራ። ሆላንዳዊው ሳቀ፤ እርሳቸው አልሳቁም። የእኛ ተራ ሲደርስ ሊያ ሦስት ቆጠረችና ወደ ግራ ተጋደልን።

ያንን ቅጽበት ልንገራችሁ። ይህ ሐይቅ በበጋም ከ20 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፤ ያን ዕለት 17 ነበር። ጭንቅላቴ ሲገባ ብርዱ ቆዳዬን ሳይሆን ሳንባዬን ነው የያዘው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ ማስወጣቱ ጠፋኝ። እንደገና ሳብኩ፤ እንደገና። እንደ ሕፃን ልጅ ሳግ። ከላዬ ድምፃቸው መጣ፦ "ምንም አታድርግ። አትዋኝ። ጀልባዋን ያዝና ትንፋሽህን ብቻ አስወጣ።" ጀልባዋን ያዝኩ። አስወጣሁ። አምስት ስድስት ጊዜ ካስወጣሁ በኋላ ሳጉ ተወኝ፤ ጆሮዬም ተከፈተ። ሊያ ከጀልባዋ ማዶ ሆና እየሳቀች ነበር። ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ደቂቃ ነው፣ ዋና ስለማያውቅ ሳይሆን በዚያ ሳግ ውሃ ስለሚስብ ነው አሉን። ጣና ውስጥ ዋና መቻሌ እዚህ የሚጠቅመኝ ከሁለተኛው ደቂቃ ጀምሮ ብቻ ነው ማለት ነው። በሰኔ ያቺ ጀልባ ብትገለበጥስ ብዬ አሰብኩ፤ ለሊያ ግን አልነገርኳትም።

ከመነሣታችን በፊት በመጨረሻ ማዶውን በጣታቸው አሳዩን። "ያንን ምሰሶ አያችሁ? መብራቱ በደቂቃ አርባ ጊዜ ብልጭ ካለ ኃይለኛ ነፋስ ሊመጣ ስለሚችል ተጠንቀቁ ማለት ነው። በደቂቃ ዘጠና ጊዜ ከሆነ ማዕበል ቀርቧል፣ ሐይቁ ላይ ቦታ የላችሁም።" ማስጠንቀቂያውን የሚያወጣው የአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው፤ መብራቱ በትልልቆቹ ሐይቆች ዳር ሁሉ አለ። ሊያ ዞራ አየችኝ። "መንገድ ሥራ" አለችኝ በአማርኛ፣ ማንም እንዳይሰማት።

ጉዞው ራሱ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ከመንደሯ ወጣ እንዳልን የሐይቁ ብቸኛ ደሴት አለች፤ "የቀንድ አውጣ ደሴት" ነው የሚሏት፣ በእርግጥም ጥቂት ዛፍ የተሸከመች ቀንድ አውጣ ነው የምትመስለው። ሠላሳ ሰባት ደሴት አለው ከሚባለው ጣና ለመጣ ሰው አንዲት ደሴትን ሐይቁ ሙሉ ሲኮራባት ማየት ያሳዝናልም ያስቃልም። ዐለቱ ሥር ስንደርስ አስጎብኚያችን ጀልባዎቹን አንድ ላይ አስጠጉና መቅዘፊያችንን አጋድመን አረፍን። ያን ጊዜ ስለ አሬ ነገሩን። ወንዙ በላይኛው ጫፍ፣ ብሪየንትስ ከተማ አጠገብ ሲገባ ቀዝቃዛና በዱቄቱ የከበደ ስለሆነ ላይ ላዩን አይሰፋም፤ ሐይቁ ውስጥ ጠልቆ ከሥር ይሄዳል። አባቴ ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል አቋርጦ ያልፋል ይል ነበር፤ ውሃው ከውሃው አይደባለቅም፣ ቀለሙን አይቶ የሚለይ ሰው አለ ይል ነበር። የአያት ተረት አድርጌ ነበር የያዝኩት። በተበላሸ ጀርመንኛዬ ነገርኳቸው። "አባትህ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ?" አሉኝ። አይደለም፣ የግብር ሠራተኛ ነበር። ዳቦ ቆሎ አዞርኩ፤ ሆላንዳዊቷ ሁለት ጊዜ ዘገነች።

ፏፏቴው ዐለቱን ስንዞር ታየን፤ ጫካው መሐል የተንጠለጠለ ነጭ ነጠላ። ሃያ ደቂቃ የሚቀረን ይመስለኛል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ውሃው ዘይት ነው። በዚያን ጊዜ ነው ማዶ ያለው መብራት የጀመረው። በሰዓቴ ቆጠርኩ፤ በሠላሳ ሴኮንድ ሃያ። አርባ በደቂቃ።

አስጎብኚያችን አንድ ጊዜ ፊሽካ ነፉና ጀልባቸውን አዞሩ። ምክክር የለም፣ ድምፅ መስጠት የለም። ሆላንዳዊው "እንዴ፣ ሰማዩን እዩት እንጂ!" አለ። "ሰማዩን አይደለም ያየሁት" አሉ፣ እየቀዘፉ። ከእኛ መካከል እኔን ጨምሮ ቅር ያላለው ሰው አልነበረም፤ 196 ፍራንክ ከፍዬ የመጣሁት ያንን ፏፏቴ ከሥሩ ሆኜ ለማየት ነው። ዳር ዳሩን ይዘን፣ ከመጣንበት በፈጠነ ቀዘፋ፣ ኢዘልትቫልድ ገባን።

ነፋሱም አልመጣም። ጀልባዎቹን አጥበን፣ ልብስ ቀይረን፣ ሾርባ ጠጥተን እስክንጨርስ ቅጠል አልተነቃነቀም። ከቀትር በኋላ መብራቱ ጠፋ። ሆላንዳዊው "ይኸው!" የሚል ፊት ይዞ ተቀመጠ።

ሾርባው ላይ ሳለን ጠየቅኋቸው፦ ነፋስ ሳይመጣ ስንት ጊዜ ተመልሰዋል? "ከመጣበት ይበልጣል" አሉ። ከዚያ ስለ ሳክሰተን ሸለቆ አወሩ። ከተቀመጥንበት ብዙ የማይርቅ ጅረት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ 27 ቀን 1999 ቱሪስቶች ከአስጎብኚዎቻቸው ጋር በጅረቱ ገደል ውስጥ እየዘለሉና እየተንሸራተቱ ሲወርዱ በላይ በኩል ነጎድጓዳማ ዝናብ ወረደ። ደራሽ ውሃ መጣ። ሃያ አንድ ሰው ሞተ፤ ሦስቱ አስጎብኚዎች ነበሩ። እኛ ይህን ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም፤ እግርህ ሥር ደረቅ አሸዋ ሆኖ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ከተማ ይዞ እንደሚሄድ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የሰማ ሰው ያውቃል። ከአደጋው በኋላ የአገሪቱ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጀመሪያ ጀምሮ የገደል ውሃ የሚያወርድ፣ ወራጅ ወንዝ ላይ በጎማ ጀልባ የሚወስድና ከድልድይ በገመድ የሚያዘልል ድርጅት ፈቃድ ማውጣት አለበት። በረጋ ሐይቅ ላይ ጀልባ ማከራየት ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ያ የሰኔው ወጣት ስልኩን እያየ ሊያከራየን የቻለውም በዚህ ቀዳዳ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መመለሱ ትክክል ነበር፤ በዚህ ላይ ከሆላንዳዊው ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ እኔም ብርቱካናማ አይቼ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ብዬ ትራሜን አልነዳም። ነገር ግን ድርጅቱ ለተቋረጠው ግማሽ ጉዞ የሰጠን ገንዘብ ሳይሆን ኩፖን ነው፤ ግማሽ ዋጋ የሚቀንስ፣ በዚሁ የበጋ ወቅት ብቻ የሚሠራ። እኔ በርን ነው የምኖረው፣ ባቡሩ አንድ ሰዓት አይሞላም። ኮሪያውያኑ ሴቶች በማግስቱ ነበር በረራቸው። ኩፖኑን ይዘው ሲተያዩ አየኋቸው። ይህን ለባለቤቱ ነገርኩት፤ "ደንባችን ነው" አለኝ። ጥሩ ደንብ ያላት ሴትዮ ቀጥረህ ክፉ ደንብ ያለው ገንዘብ ቤት ማስቀመጥ ምንድን ነው? ከአምስት ኮከብ አንዱን የቀነስኩት በዚህ ነው። ሁለቱ ሴቶች ኩፖናቸውን ለሊያ ሰጧት።

እነርሱ መጀመሪያውኑ ኢዘልትቫልድ የመጡት ለጀልባ አልነበረም። መንደሯ ውሃው ላይ የተዘረጋ ትንሽ የእንጨት መድረክ አላት፤ አንድ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ እዚያ ከተቀረጸ ወዲህ ዓለም ሁሉ ፎቶግራፍ ሊነሣበት ይመጣል። መንደርተኛው ሰልፉ ሲበዛበት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በር ሠርቶ አምስት ፍራንክ ያስከፍላል። ሊያ ከፍላ ገባች። እኔ ለአንድ ጣውላ አምስት ፍራንክ አልከፍልም ብዬ በስድስት ፍራንክ ቡና ጠጣሁ።

ምሳ ዓሣ በላን፤ ፌልሸን የሚባለው የሐይቁ ዓሣ። ውሃው ንጹሕና ምግብ የሌለበት ስለሆነ ዓሣው ትንሽ ነው፤ ጣዕሙ ግን ጥሩ ነው፣ በቅቤ የተጠበሰ። ለሁለት ሰው ሰማንያ ፍራንክ። በዚህ ዋጋ ባሕር ዳር የቆሮሶ ዓሣ ለሠርግ ይበቃል፤ ይህን ሒሳብ ግን እዚህ አገር የሚኖር ሰው ገና በመጀመሪያው ዓመት መሥራት ማቆም አለበት።

ከሰዓት በኋላ ፏፏቴውን በእግራችን ሄድንበት። ከኢዘልትቫልድ ዳር ዳሩን አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ የጫካ መንገድ አለ፤ ቀላል ነው፣ ለአያት ይሆናል። ጊስባህ በ14 እርከን እየተሰበረ ነው የሚወርደው፤ ከውሃው ጀርባ የሚያሳልፍ ድልድይም አለው። እዚያ ቆመን ረጠብን። ከአሮጌው ትልቅ ሆቴል እስከ መርከብ ማቆሚያው ድረስ የሚያወርደው ቀይ የገመድ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1879 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ሥራዬ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ወጣሁበት፣ ሊያ አንድ ጊዜ በቃኝ ብላ ታች ጠበቀችኝ። በመርከብ ተመለስን።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ነገር። ከኢንተርላከን ኦስት ባቡር ጣቢያ 103 ቁጥር አውቶቡስ ኢዘልትቫልድ ያደርሳል፤ በበጋ ቅዳሜ ይሞላል፣ በጠዋት ሂዱ። መኪና አትውሰዱ፣ ማቆሚያ የለም ማለት ይቻላል። የልብስ መቀየሪያው ንጹሕ ነው፣ ገላ መታጠቢያው ግን የሐይቁን ብርድ ይቀጥላል። ፎጣ፣ ሙሉ ቅያሪ ልብስና በቴርሞስ ትኩስ ሻይ ያዙ። መነጽራችሁን በክር እሰሩ፤ የአንዱ ሙሽራ መነጽር አሁን 260 ሜትር ላይ ሳይሆን አይቀርም። ቆመው የሚቀዝፉበትን ሰሌዳ የምትከራዩ ከሆነ ከዳርቻው ከ300 ሜትር በላይ ስትርቁ የሕይወት አድን ጃኬት መያዝ በሕግ ግዴታ ነው፤ ሰሌዳው ላይም የባለቤቱ ስምና አድራሻ መጻፍ አለበት፣ ባዶውን ተንሳፍፎ ከተገኘ ሰው ሰጠመ ብለው ፍለጋ ከመውጣታቸው በፊት የሚደውሉበት እንዲኖራቸው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከዋጋው በፊት "ማዶ ያለው መብራት ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ሰው ከተነሣና በጣቱ ካሳያችሁ ክፈሉ።

ሊያ አራት ኩፖን አላት፤ ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ተለጥፈዋል። ሁለት ጓደኞቿን ልትጋብዝ ነው፣ አራተኛው የእኔ ነው ትላለች። የሚያበቁት በመስከረም መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ተረኛ ያልሆንኩባቸው ሁለት እሑዶች አሉ። ከእነርሱ አንዱን መዝገብ ላይ አስመዝግቤያለሁ፤ አስጎብኚያችን ያን ቀን እንዳሉም ጠይቄ አረጋግጫለሁ።